የመንገደኛ ውሃ

የክፍሉ በር ሰማያዊ ነበር። ያው የኛው ሰማያዊ፣ ደመና የሌለበት ቀን ሰማይ የሚመስለው። ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። ከኋላዬ ይዞኝ የሚመጣው ሰውዬ ማጅራቴን በጥፊ አለኝና «ምን ያስገለፍጥሻል?» አለ። ምን ልበለው? እኔን እዚህ ያመጣኝ ቀለም እናንተም በር ላይ አለ ልበለው?  ቁልፉ ተንቋቋ፣ ወደ ውስጥ ገፈተረኝ፣ በሩ ተዘጋ።

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በአፍንጫዬ ብቻ ነበር የማየው፤ ላብ፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የሽንት ባልዲ። ከዚያ ሴቶቹ ታዩኝ። ግድግዳ ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንዷ ሻይ ሻጭ ናት፤ ወንድሟ ጠፍቶ፣ እሱ እስኪገኝ በሱ ምትክ የተያዘች። እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ በሶማሊኛ።

«ብርካ ጠርጌ።»

ወደ ሌሎቹ ዞረችና «ይቺ ደግሞ ገና ከመግባቷ ታሾፋለች» አለች።

አላሾፍኩም። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ እዚያው ተወልጄ ባደግኩበት ጅግጅጋ። አያቴ በወታደርነት መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው፤ ቤታችን በአማርኛ ይጸለያል፣ ከጎረቤት ጋር በሶማሊኛ ይሳቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ነገሩ የሆነው ለውጥ መጣ ከመባሉ ከጥቂት ወራት በፊት ነው። በዚያ ጊዜ ከተማው ውስጥ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ግራ ቀኙን ያይ ነበር። እኛ ግን አላየንም።

የበጎ ፈቃድ ክበብ ነበረን። ስሙ ሲጠራ ትልቅ ነው፤ ሥራው ባልዲና አካፋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ሄደን አስታማሚ የሌላቸውን ሰዎች ልብስ እናጥባለን። አንድ መዋዕለ ሕፃናት ቀለም ቀብተናል፤ በሰማያዊ። ከዚያ አንዱ አባላችን፣ ሀርሺን በኩል ዘመዶች ያሉት ልጅ፣ እዚያ ያሉ ብርካዎች በደለል ተሞልተዋል ብሎ ነገረን። ብርካ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ ነው። ወንዝም ምንጭም በሌለበት በዚያ አገር የዝናቡ ጎርፍ በቦይ ገብቶ እዚያ ይጠራቀማል፤ ሰውም ከብቱም በጋውን የሚሻገረው በሱ ነው። ደለል ከሞላው ውሃ አይዝም። ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ሳይደርስ ሄደን እንጥረግ ተባለ። እኔ ቋንቋውን ስለማውቅ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ።

የብርካው ባለቤት ረጅምና ቀጭን አሮጊት ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ከግመሎቹ ጋር ሩቅ ናቸው፣ ምራቷ ሕፃናቱንና ፍየሎቹን ይዛ ሣር ወዳለበት ሄዳለች። ብቻዋን ብርካዋን ትጠብቃለች። እኔ «ኤዶ» እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፤ በሶማሊኛ አንቱታ የለም፣ አክብሮቱ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው። ስለዚህ እዚህም እንደዚያው ነው የምጽፋት። «እሳቸው» ካልኳት ሌላ ሴትዮ ትሆንብኛለች።

ከመኪና ስንወርድ አካፋችንንም ነጫጭ ስኒከራችንንም አየችና «ሆዮ፣ እነዚህ ልጆች አካፋ ይዘው ያውቃሉ?» አለችኝ። ሆዮ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ የሶማሌ እናት ልጇን እንዲህ ብላ ትጠራለች።

«ኤዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ናቸው እኮ።»

«እሱማ ያስታውቃል» አለችና እየሳቀች ወደ ጉድጓዱ መራችን።

ሠራን። እውነትም አካፋ መያዝ አናውቅም ነበር፤ እጃችን ተላጠ። ደለሉ ወጣ፣ የተሰነጠቀው ወለል በሲሚንቶ ተደፈነ። ሲሚንቶው በደንብ እስኪደርቅ ውሃ እንዳይገባበት ብለን የቦዩን አፍ በድንጋይ፣ በጭቃና በፕላስቲክ ጥርቅም አድርገን ዘጋነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥተን እንከፍተዋለን ተባለ፤ ድንጋዮቹ ከባባድ ናቸው፣ አሮጊቷ ብቻዋን አትችላቸውም።

ጥላ ሥር አረፍ ስንል ብርካው ሲሞላ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ ወሬ ለማስጀመር።

«መንገደኛ እጠብቃለሁ» አለች።

«ለምን?»

«መጀመሪያ የሚቀዳው የመንገደኛ ነው። እሱ ሳይጠጣ እኔ አልጠጣም። አባቴ እንዲህ ነበር ያደረገው።»

«ሰው ባያልፍስ?»

«ማን ያልፋል ብለሽ ነው?» አለችና ራሷ ሳቀች። «ሁልጊዜ ግን አንድ ሰው ይመጣል። ትንሽ መቆየት ነው።»

ተርጉሜ ስነግራቸው ልጆቹ ወደዱት። ማታ ላይ ልንመለስ ስንል ከመዋዕለ ሕፃናቱ የተረፈች የቀለም ቆርቆሮ መኪናው ላይ ተገኘች። ለምን አናሳምርላትም ተባለና የብርካው ጠርዝ ዙሪያውን ሰማያዊ ተቀባ። አንዱ ልጅ ደግሞ በቀረችው ነጭ ቀለም መሃሉ ላይ ኮከብ ጣል አደረገበት። አሮጊቷን መሃል አቁመን ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ኮከብ፤ ከድንበሩ ማዶ ያለውን አገር ባንዲራ እንደሚመስል የገባን ሌላ ሰው ሲያየው ነው። ከኛ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ አለማሰቡ እስከዛሬ ይገርመኛል። ደክሞን ነበር፣ ደስ ብሎንም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ በር ላይ ፒክአፕ ቆሟል።

መርማሪው ክፉ ፊት አልነበረውም። የደከመው አባወራ ነው የሚመስለው። ስልኩ ላይ ፎቶውን አሳየኝ።

«ሰማያዊውን ማን መረጠ?»

«የመረጠ የለም። የተረፈ ቀለም ነው።»

«ለምን ቢጫ አልሆነም?»

«ቢጫ አልተረፈንም።»

አጠገቡ የቆመው ሰው ጆሮ ግንዴን አለኝ። መርማሪው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀጠለ፤ ማን ላካችሁ፣ ገንዘቡ ከየት ነው፣ አሮጊቷ ዘንድ ምን ልትሠሩ ነው የሄዳችሁት። ደለል ልንጠርግ አልኩት። ሰው ለማያውቀው ሰው ደለል ሊጠርግ ያን ያህል መንገድ ይሄዳል ብሎ ማመን አልቻለም።  ክበብ ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ አልኩት።

አሮጊቷን ያመጧት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ቁመቷን ነው፤ ጎንበስ ብላ ገባች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ የለም። አየችኝ። አልተገረመችም።

«ሆዮ፣ አንቺም?»

ተነስቼ አቀፍኳት። አጥንቷ ብቻ ነው። ሳታለቅስ፣ ማን መታሽ ምን አሉሽ ሳትል፣ ገና ሳትቀመጥ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ድንጋዩን ማን አነሳው?»

እኔ ረስቼው ነበር። በዚያ ሁሉ ጥያቄና ጥፊ መሃል የቦዩ አፍ እንደተዘጋ መቅረቱ ትዝ አላለኝም። ልጆቹ በሙሉ ተይዘዋል፤ ወንዶቹ ወዲያኛው ግቢ ናቸው። ጎረቤቶቿ ሊከፍቱት አይችሉም ወይ አልኳት። እሷን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች ሰማያዊው ብርካ አጠገብ ማንም ድርሽ እንዳይል አስጠንቅቀው ሄደዋል አለችኝ። ሰዉ ፈርቷል። ምራቷ ዝናቡ ሲጥል የብርካውን ውሃ ተማምና ሕፃናቱንና ፍየሎቹን ይዛ ትመለሳለች። ትመጣና የተጠረገ፣ ያማረ፣ ደረቅ ጉድጓድ ታገኛለች። ጎርፉ አጠገቡ አልፎ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ውሃ ማለት በቦቴ መጥቶ በጀሪካን የሚሸጥ ነገር ነው፤ እሷ ደግሞ የምትገዛበት የላትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም ብል ማጋነን አይደለም። ሻይ ሻጯም፣ ሌሎቹም፣ ሀርሺንን አይተው የማያውቁት ሁሉ፣ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚሉት «ደመና አለ?» ነው። ሰው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንድትወጣ እየለመነ የሚታሰርበት ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም። እስከምንፈታ አይዝነብ ነበር ጸሎታችን። ኤዶ ስትሰማ ተቆጣችን።

«እንዴት ዝናብ ይቅር ትላላችሁ? አገር ሁሉ የኔ ብርካ ነው እንዴ?»

እኔ ለመርማሪው ነገርኩት። ሁለተኛ ሲጠራኝ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አልኩት። ስለ ድንጋዩ ነገርኩት፤ ሰው ልከው ያስከፍቱት፣ ከፈለጉ እናንተው ቆማችሁ እዩት፣ አልኩት። ጥቂት አየኝ። ለአንድ አፍታ የገባው መሰለኝ። ከዚያ «አሁን ደግሞ የውሃ መሐንዲስ ሆንሽ?» አለና አጠገቡ ያለው ሰውዬ ሳቀ። ተመለስኩ። ኤዶ ፊቴን አይታ አልጠየቀችኝም።

የቀረችን ጠባቂዋ ናት። ወጣት ናት፣ ከኔ ብትበልጥ በትንሽ ነው። የደንብ ልብሱ ሰፍቷታል፣ ከስክሱም ሰፍቷታል፤ ስትራመድ ቋ ቋ ይላል። አታዋራንም። ሁላችንንም «አንቺ» ነው የምትለው፣ ኤዶን ሳይቀር፤ ስሟን አትጠራም፣ ኤዶም አትላትም። ኤዶ ግን የበሩ ትንሽ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ታያታለች።

«ያቺ ልጅ ከብት ጠብቃ ያደገች ናት» አለችኝ አንድ ቀን።

«በምን አወቅሽ?»

«ባልዲውን ስትሞላልን ጠብታ አታፈስም።»

በሚቀጥለው ቀን ውሃ ስታቀብለን ኤዶ መስኮቱ አጠገብ ቀርባ ቀስ ብላ አናገረቻት። የየት አገር ሰው እንደሆነች አልጠየቀቻትም፣ አልለመነቻትም። ብርካው የት እንዳለ፣ ድንጋዩ የቱ ጋ እንዳለ፣ በሀርሺን መንገድ ለሚያልፍ ለማንም ሰው ብትነግሪልኝ አለቻት። ልጅቷ ግቢውን ዞር ብላ አየች።

«አታናግሩኝ» አለች። «እኔንም እናንተ ጋር ሊያስገቡኝ ነው የምትፈልጉት?»

መስኮቱን በኃይል ዘጋችው። ሻይ ሻጯ ስትሰድባት ኤዶ ዝም አሰኘቻት። «እውነቷን ነው፣ ትፈራለች። እናንተ አትፈሩም?» አለች።

ደመናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ነፋሱ ተለወጠ፤ በበሩ ሥር የሚገባው አየር እርጥብ አፈር ሸተተ። ኤዶ ሸማዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ተቀመጠች። ምሳ አልበላችም። ከሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ወደቀች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ጠጠር የተደፋ ይመስል በአንዴ ወረደ።

የሰው ነገር አይገርምም? ያን ሁሉ ቀን አይዝነብ ስንል ከርመን፣ ሲዘንብ ሁላችንም ብድግ አልን። ሙቀቱ ሰበር አለ። ሴቶቹ ግድግዳው ላይ ባለችው የፍርግርግ ቀዳዳ እጃቸውን አውጥተው ይስቃሉ፣ ፊታቸውን ያብሳሉ። ሻይ ሻጯ የፕላስቲክ ኩባያችንን አውጥታ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደውን ትቀበላለች። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ዞር ስል ኤዶን አየኋት።

አልተነሳችም። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እዚያም ይዘንብ ይሆን?» አልኳት። የሞኝ ጥያቄ ነው።

«ደመናው የመጣው ከዚያ ነው።»

 ቆርቆሮው ይጮሃል።

«አሁን እያለፈ ነው» አለች።

ምኑ ብዬ አልጠየቅኳትም። ውሃው ነው። በቦዩ ወርዶ፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ ሜዳውን ይዞ ሲሄድ እኔም ታየኝ። ልቅሶዬን መያዝ አቃተኝ። ከታሰርኩ ያን ቀን ነው ያለቀስኩት፣ ሲመቱኝ አላለቀስኩም። «ኤዶ፣ ምነው እግራችንን በሰበረው፣ ምነው ባልመጣን» አልኳት።

እጇን ራሴ ላይ አደረገች። «ተይ። እናንተ እንግዶቼ ናችሁ። እንግዳ ባልመጣ አይባልም።»

ሻይ ሻጯ ኩባያውን ሞልታ አመጣችላት። «እናቴ፣ ጠጪ፣ የሰማይ ውሃ ነው» አለቻት። ኤዶ ተቀበለች፣ ኩባያው ውስጥ አየች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ መስኮቷን በጣቷ አንኳኳች።

ልከለክላት ፈልጌ ነበር። በር ማንኳኳት ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። መስኮቱ ተከፈተ። ልጅቷ ናት፤ ውጭ በሩ ላይ ከለላ የለም፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ ከስክሷ ርሳ ውሃ ይንጠባጠብባታል።

«ምንድነው?»

ኤዶ ኩባያውን ዘረጋችላት።

«መጀመሪያ የሚቀዳው የመንገደኛ ነው» አለቻት። «እዚህ ያለነው ሁላችንም ነዋሪዎች ነን። መንገደኛ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልጅቷ ኩባያውን አየች፣ ኤዶን አየች፣ ዞር ብላ ግቢውን አየች። እኔ አሁን ትደፋዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን አስገብታ ተቀበለች። እዚያው ቆማ፣ ዝናቡ እየመታት፣ እስከ ታች ጠጣችው። ባዶውን መለሰች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ያለችውን የሰማችው ግን ኤዶ ብቻ ናት፤ ቆርቆሮው አላሰማንም።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ስትመለስ።

«ኤዶ አለችኝ።»

ከዚያ ሻይ ሻጯ እንደገና ቀዳችላት፣ ጠጣች። በተረፈው ፊቷንና እጇን ታጠበች፣ ሸማዋን ዘርግታ ሰገደች። ስትጨርስ ረጅም ጊዜ ጸለየች። ለብርካዋ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ስጠይቃት «ሜዳው ላይ ለሚያገኙት» አለችኝ። ጎርፉ ለሚደርሳቸው ሰዎች፣ ለሌላ ሰው ከብቶች።

በማግሥቱ ያቺ ልጅ አልመጣችም። ሌላ ጠባቂ ተተካ፣ ወፍራም ሰውዬ፣ ባልዲውን ሲያስገባ ግማሹን እግራችን ላይ የሚደፋው። ዝናቡ ግን አላቋረጠም፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሰዓት ይመጣል። ኤዶ ስለ ድንጋዩ ሁለተኛ አላነሳችም። ማሳል ጀመረች። ሌሊት ስታስል ጀርባዋን እይዛታለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ንገሪኝ ትለኛለች፣ ስለ ካፌው ምግብ ስነግራት ትስቃለች፣ ስቃ ታስላለች።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፍቶ «አሮጊቷ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» ተባለ። ዕቃ የላትም። ሸማዋን አጣፋች። አንድ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ሰጠኋት፣ ትንሽ ጠበባት እንጂ ገባላት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ እንዲህ አለችኝ።

«ሆዮ፣ ስትወጪ ድንጋዩን አንሺው። ለዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ።»

«እሺ ኤዶ።»

ጎንበስ ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ለውጥ ሆነ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ እኛም ወጣን። በዚያ ሰሞን በየእስር ቤቱ በር ሰው ዘመዱን ይጠብቃል፤ እኔም ቤቴ ደርሼ፣ እናቴን አቅፌ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ ተመልሼ ሄድኩና ከነዚያ ሰዎች ጋር ቆምኩ። በየቀኑ ሄድኩ። ረጅም ሴት በወጣች ቁጥር ተጋፍቼ ፊቷን አየሁ። በመጨረሻ አብሯት ሌላ ቦታ ታስራ የነበረች ሴት ነገረችኝ። ሳሉ በርትቶባት፣ እዚያው አረፈች። የሞተችው ከመፈታታችን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ስለ ብርካዋ ምን ትል ነበር ብዬ ጠየቅኳት። «ደረቅ ነው ትል ነበር» አለችኝ።

ያችን ቀን ቤት ገብቼ ተኛሁ፣ ማንም አላስነሳኝም።

ከዚያ ከክበባችን ልጆች ሁለቱን ይዤ ሀርሺን ሄድኩ። ኮከቡን የሣለው ልጅ አንዱ ነው። ለድንጋዩ ዲጂኖ ይዘናል። ደርሰን ከመኪና ስንወርድ ግን መጀመሪያ ያየነው ፍየሎች ናቸው። ፍየሎችና ባልዲ የያዘች ሴት። ምራቷ ናት።

ብርካው ሙሉ ነበር። አረንጓዴ ቢጤ፣ ጸጥ ያለ ውሃ፣ ሰማያዊው ጠርዝ ድረስ። የቦዩ አፍ ክፍት ነው። ድንጋዮቹ ከጎን አንድ ላይ ተከምረዋል።

ማን ነው የከፈተው አልኳት። እሷም አታውቅም፤ ጎረቤቶቿ ነገሯት። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግሥት ጠዋት አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ከጫት መኪና ላይ ወርዳ ሰማያዊው ብርካ የቱ ነው ብላ ጠየቀች። ሰዎቹ ልታፈርሰው የመጣች መስሏቸው ቤታቸው ገቡ። በቀዳዳ ሲያዩ ልጅቷ ከስክሷን አወለቀች፣ ቦዩ ውስጥ ገባች፣ ድንጋዮቹን በእጇ አንድ በአንድ አወጣች፣ ጭቃውን ጠረገች። አንዲት አሮጊት ደፍራ ወጥታ ሻይ ጠጪ ብትላት ጊዜ የለኝም አለች። ከስክሷን በእጇ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ መኪና ለመነችና ሄደች። የመጀመሪያው ጎርፍ አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ግን ገቡ።

ደስ ብሎኛል ብል እውነት ነው። ግን እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ኤዶ በየቀኑ ዝናቡን ስትሰማ፣ በየቀኑ ሲያልፍ ነበር የሚታያት፤ እሱ ግን በየቀኑ ይገባ ነበር። ይህን የሚነግራት አንድ ሰው ጠፋ። እኔ አጠገቧ ጀርባዋን ይዤ ተቀምጬ አላወቅኩም።

ዛሬ እዚያው ዩኒቨርሲቲ እሠራለሁ፣ የተማሪዎችን የማኅበረሰብ አገልግሎት ከሚያስተባብሩት አንዷ ነኝ። ብርካ ጠረጋ በፕሮግራም ገብቷል፤ ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ መኪና ይመደብለታል። ቀለም አናስይዝም። ለምን ሲሉኝ አይደርቅም እላቸዋለሁ።

ያቺን ልጅ ደግሞ ባለፈው ዓመት አገኘኋት። ወተት ተራ ሳልፍ፣ የግመል ወተት ጀሪካን ከፊቷ ደርድራ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ቀና እንዳለች ቀረች። ጋርባሳር የሚሉትን የሶማሌ ሴቶች ነጠላ ለብሳለች፣ ወፈር ብላለች። ቆምኩ። ሰላም ተባባልን።

«ሥራውን ተውሽው?» አልኳት።

«ያኔውኑ። ሳልጠይቅ ስለሄድኩ አባረሩኝ።» ትከሻዋን ሰበቀች። «ሞላ እንዴ?»

«ሞልቷል። በየዓመቱ ይሞላል።»

ራሷን ነቀነቀች። እጇ ጀሪካኑ ክዳን ላይ ነው፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ልትጠይቀኝ የፈለገችው ሌላ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እንዳትጠይቀኝም በልቤ ለምኜ ነበር።

«ኤዶ አወቀች?»

አዎ ብላት ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የዚያችን ሴት ነገር መዋሸት አልሆነልኝም።

«አላወቀችም» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። በጋርባሳሯ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ ጠረግ አደረገች። በዙሪያችን ሰዉ በወተት ዋጋ ይከራከራል፣ ባጃጅ ይጮሃል። ከዚያ ከጎኗ ያለውን የውሃ ጀሪካን ከፈተች፣ ኩባያ አለቀለቀች፣ ሞላችና በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«እኔ እዚህ ነዋሪ ነኝ» አለች።

ቆሜ እስከ ታች ጠጣሁት። ባዶውን መለስኩላት።

ጉ በዘነበ ቁጥር ተማሪዎቹን ይዤ ሀርሺን እሄዳለሁ፣ ብርካው እንዴት እንደያዘ ለማየት። የመጀመሪያው ባልዲ ሲወጣ ማንም እንዳይነካው እላለሁ፣ መንገደኛ እስኪመጣ እንቆያለን። ልጆቹ ይጠማቸዋል፣ ያጉረመርማሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ይመጣል፤ ሹፌር፣ ወይ ፍየል የምትነዳ ሴት። ይጠጣል፣ መርቆ ይሄዳል፣ እኛም እንጠጣለን። እኔ ግን ከሄደ በኋላም ትንሽ እንቆይ እላቸዋለሁ። ምን እንደምጠብቅ አይጠይቁኝም። ከጅግጅጋ የሚመጣውን መንገድ አያለሁ፤ በአንድ እግሯ የጠበባትን የኔን ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ረጅምና ቀጭን ሴት እንደማትመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም አያለሁ።